የአያ ከማል ዋንጫ

ፈንታነሽ እንስራዋን አዝላ ከምንጩ ዳገት ስትወጣ ከበታቿ የአህያ ኮቴ ሰማች። ቆም ብላ አዳመጠች። የተጫነ አህያ ሲረግጥ ድምፁ ይሰምጣል፤ ባዶው ግን ድንጋዩን ያንኳኳዋል። እነዚህ ባዶ ናቸው። በሰኔ ጭቃ ባዶ አህያ እየነዳ ወደዚህ ዳገት የሚወጣ ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ጨው ነጋዴው አያ ከማል። «ወይኔ ጉዴ!» አለችና እርምጃዋን አፈጠነች። ውሃው ከጀርባዋ እየተንቦጫቦጨ ቀሚሷን አራሰው። ቀድማቸው ቤት ገብታ የአደራውን ጨው ወደ ነበረበት ወደ ቆጡ ልትመልሰው ፈልጋ ነበር። ግን እንስራ ያዘለች ሴት ከባዶ አህያ ጋር ተሽቀዳድማ አታሸንፍም። እሷ አጥሩን ስታልፍ አያ ከማል ከደጁ ቆመው የጥምጥማቸውን ውሃ እያራገፉ ነበር።

ያኔ አሞሌ ጨው ገንዘብም ነበር፣ ወጥ ማጣፈጫም ነበር። ከስንዝር የሚተርፍ፣ እንደ ቢላዋ መሳል የተጠረበ ነጭ ድንጋይ ነው። ፍየል ይገዛበታል፣ ለሸማኔ ይከፈልበታል፤ ሲቸግር ደግሞ ከጫፉ ተሸርፎ ድስት ውስጥ ይገባል። ዛሬ ጨው በፌስታል ከሱቅ የሚያስመጣ ሰው ይህን ቢሰማ ይስቅ ይሆናል። ይሳቅ። ያኔ ግን ጨው ከአፋር በረሃ በግመል ወጥቶ፣ የላስታን ተራራ በአህያ ጀርባ ተሻግሮ ገሳይ ገበያ እስኪደርስ የነጋዴውን ዕድሜ ይበላ ነበር። ይህን ሁሉ አገር አቋርጦ የመጣ ነገር ታዲያ አንድ ሌሊት ዝናብ ቢያገኘው ውሃ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ነጋዴ ሁሉ በየመንገዱ አንድ የታመነ ቤት ነበረው። እዚያ ያድራል፣ የደከመ አህያውን ያሳርፋል፣ ዕቃውን በአደራ ያኖራል። አያ ከማል የደብረ ታቦር ሰው ናቸው፤ በዚህ ዳገት ላይ የታመነ ቤታቸው የፈንታነሽ ባል የመልካሙ ቤት ነበር። ወዳጅነቱን የጀመሩት የሁለቱ አባቶች ናቸው። አንዱ ቤት ክርስቲያን፣ ሌላው ሙስሊም ስለሆነ ሥጋ አብረው አይበሉም፤ እንጀራው፣ ወተቱና ማሩ ግን የጋራ ነው። ለዚህም በመልካሙ ቤት ምሰሶ ላይ ከዋንዛ የተጠረበ አንድ ዋንጫ ተሰቅሎ ይኖር ነበር። ጠላ ነክቶት አያውቅም። የአያ ከማል አባት ጠጥተውበታል፤ እሳቸው ሲያልፉ ልጃቸው ወረሱት። ፈንታነሽ ሙሽራ ሆና የመጣች ሰሞን አማቷ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ አስቀድመው ያሳዩዋት እሱን ነው። «ይኸን ለብቻው እጠቢው፣ ልጄ። የቤታችን ስም የተሰቀለው እዚህ ላይ ነው» ብለዋት ነበር።

በግንቦት መጨረሻ አያ ከማል ከላስታ ሲመለሱ አህዮቻቸው ገጣባ ወጥቶባቸው፣ ወገባቸው ቆስሎ መሄድ አቃታቸው። ከጭነቱ እኩሌታውን እዚሁ ትተው ወደ ደብረ ታቦር ሄዱ። መልካሙ ያኔ እርሻ ላይ ነበርና አደራውን የተቀበለችው ፈንታነሽ ናት። «ልጄ፣ ከምድጃው በላይ ቆጡ ላይ ይሁን። ጭስ አይለየው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» አሏት። እሷም እሺ ብላ እስሩን ሁሉ ቆጡ ላይ ደረደረችው።

ከዚያ ዝናቡ ከልማዱ ቀድሞ መጣ። ለዘር ያስቀመጠችው ገብስ እርጥበት ነክቶት መሽተት ጀመረ። በዚያ ቤት ውስጥ ደረቅ ቦታ ያው ቆጡ ብቻ ነው። ዘሩ ከበሰበሰ የዓመት እንጀራ የለም። ፈንታነሽ ሁለት ቀን አመነታች፤ በሦስተኛው ጨውን አውርዳ ከጓዳው ግድግዳ ሥር በድንጋይ ላይ ከመረችው፣ ቁርበት አለበሰችው፣ ዘሩን ቆጡ ላይ አሰጣችው። መልካሙ ከእርሻ ሲገባ ዘሩ ደርቆ አየና «አበጀሽ!» አላት። ጨው ከቆጡ እንዳይወርድ አያ ከማል አደራ እንዳሏት ግን አልነገረችውም። ነገ እመልሰዋለሁ እያለች ሰነበተች። በዚያው ሰሞን የመንደሩ ከብት ወደ ምንጭ ሲወርድ በጓሮዋ በኩል ማለፍ ማብዛቱን አይታ ነበር። ሳሩ ጥሞት ነው ብላ አለፈችው።

አያ ከማል ገብተው ተቀመጡ። ዋንጫውን ከምሰሶው አውርዳ ወተት ቀዳችላቸው። «እንዴት ሰነበታችሁ? ከብቱ ደኅና? ዘሩ ወረደ?» እያሉ ከመልካሙ ጋር ሲጫወቱ ዓይናቸው ወደ ቆጡ ወጣ። የተሰጣውን ገብስ አዩ። ከዚያ እሷን አዩ። ፈንታነሽ አሁን ይናገራሉ ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን ወተታቸውን ጠጡና «በሉ እንጫን፤ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ሳይዘጋብን» ብለው ተነሡ።

መልካሙ ቁርበቱን ገለጠ። የፊተኛው ረድፍ እንደነበረ ነው፤ እስሩ እንኳ አልላላም። እሱን አንሥቶ ወደ ሁለተኛው እጁን ሲሰድ ግን ጣቶቹ የሚይዙት አጡ። የጨው መጠቅለያ ሰሌን አለ፤ ከውስጡ ምንም የለም። ሦስተኛውም እንዲሁ። ከኋላ ያለውን ሁሉ አንሥቶ ሲጥለው የቀን ብርሃን ፊቱ ላይ በራ። ግድግዳው ከሥሩ ተቦርቡሮ፣ ጭቃው አልቆ፣ ማገሩ ብቻ ቀርቶ ነበር። ከማገሩም አንዱ ተሰብሮ የሰው ራስ የሚያሾልክ ቀዳዳ ሆኗል።

«ግድግዳዬን ሰርስረው!» ብሎ ጮኸ መልካሙ። «በቤቴ! የአደራ ዕቃ!»

በዚያ አገር የተሰረሰረ ግድግዳ ያየ ሰው ሌባ ከማለት በቀር ሌላ የሚለው የለውም። ጎረቤት ተሰበሰበ። አያ ከማል ባዶውን ሰሌን አገላበጡት፣ አሸተቱት፣ መልሰው አስቀመጡት። ከዚያ የጠጡበትን ዋንጫ አነሡ፣ በጋቢያቸው ጫፍ ወልወል አደረጉትና ከትከሻቸው ኮረጆ ውስጥ ከተቱት። ያን ሲያደርጉ ማንንም አላዩም። ፈንታነሽ ከቀዳዳው ይልቅ ይኸ አንገበገባት። ምሰሶው ላይ የቀረው ባዶ መስቀያ እንጨት ዓይኗን ወጋው።

አሁን ነገሩ ግልጽ ነው። ሌባው ከተገኘ እሱ ይከፍላል። ካልተገኘ አደራ ያስበላው ቤት ይከፍላል። ቤቱ ያለው ደግሞ ሁለት በሬ ብቻ ነው።

የመንደሩ ጭቃ ሹም ባዩ በማግሥቱ አውጫጭኝ አዘዙ። አውጫጭኝ ማለት እንዲህ ነው፦ የአገሩ ወንድ ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ሌባው እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ እርሻው፣ ማንም ወደ ንግዱ አይሄድም። ያየ፣ የሰማ ሰው ወደ ሽማግሌዎቹ ጠጋ ብሎ በጆሮ ይናገራል። ሽማግሌዎቹም «ወፍ እንዲህ አለች» ብለው ያወጡታል፤ የተናጋሪው ስም አይነሣም። ሐሜተኛ ለሌለበት አገር መልካም ሥርዓት ነበር።

ወንዱ ሁሉ በኮሶው ዛፍ ሥር ባለው በረት ታጎረ። ዝናቡ ደግሞ እንደ ተማከረ ሰው ቀጥ አለ። መሬቱ ርሶ፣ ለስልሶ፣ ሞፈር ይጠብቃል። በሬው በየበረቱ ያዛጋል፣ ከብቱ ጠባቂ አጥቶ እንደ ልቡ ይውላል። ሴቶቹ ምሳ ተሸክመው ወደ በረቱ ይመላለሳሉ፤ ባሎቻቸውም እየበሉ ወደ እርሻቸው ያያሉ። አንድ ቀን እንዲህ አለፈ። በሁለተኛው ቀን ሰው ሁሉ የሚፈልገው እውነቱን ሳይሆን የሚገላገልበትን ስም ነበር።

ፈንታነሽ የመልካሙን ምሳ አድርሳ ስትመለስ የሸማኔው የሐምዛ ሚስት ሰዓዲያ ከመንገዱ ዳር ቆማ አገኘቻት። ነጠላዋ ከወገቧ ተፈቶ መሬት ይጎተታል። ሁለቱ ወዳጆች ናቸው፤ ፈንታነሽ በበጋ የፈተለችው ጥጥ ሁሉ አሁን ከሐምዛ ሽመና ላይ ተዘርግቶ ነበር።

«ፈንታዬ፣ ባሌን ሊያስሩብኝ ነው» አለች ሰዓዲያ።

«ምን አድርጎ?»

«ወፍ ተናገረች አሉ። ሐምዛ ጉድጓድ ቆፍሯል፣ ጨውን ቀብሮበታል አሉ። አንቺ ታውቂው የለም? የሽመናው ጉድጓድ ውሃ ቢሞላበት ጊዜ ከፍ ካለው ላይ ሌላ ቆፈረ። ሸማኔ እግሩን የት ይክተት?»

«ታዲያ ቆፍረው አይዩት?»

«ቆፈሩት እንጂ። ሽመናውን አፍርሰው፣ ድርሽን ጭቃ ላይ ጥለው ቆፈሩት። ባዶ ነው። እንግዲያው ሸጦታል አሉ!» ሰዓዲያ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «ከአያ ከማል ጋር በቁራኛ ታስረው ደብረ ታቦር ዳኛ ፊት ሊሄዱ ነው። እዚያ ደግሞ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ማን ያውቃል? እኛ እንደሆን እዚህ ርስት የለን፣ ዘመድ የለን። እሱ ከታሰረ ማን ያኖረናል?»

ቁራኛ ማለት ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አንድ ላይ ታስረው መክረም ነው። አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ፣ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይነሣል። ፈንታነሽ ወዳጇን አቅፋ «አይዞሽ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለቻት። አፏ ይህን ይበል እንጂ ሆዷ ሌላ ይላታል። ጨውን ከቆጡ ያወረድሁት እኔ፤ ለሌባ አመቻችቼ የሰጠሁት እኔ፤ ሰው የሚታሰረው በኔ ጦስ። እንዲህ እያለች ቤቷ ደረሰች።

ቢያንስ ብርድ እንዳይገባ ቀዳዳውን ልድፈነው ብላ ጭቃና ጭድ አቦካች። እፍኝ ሙሉ ይዛ ወደ ጓሮ ዞረች። ዞራም ቆመች።

ግድግዳዋ በከብት ተከቦ ነበር። ጠባቂ ያጡት የመንደሩ ላሞች ተጋፍተው፣ አንዷ በሌላዋ ጀርባ ላይ አገጯን ጭና፣ ግድግዳውን ይልሳሉ። ምላሳቸው ልስኑን ሲፍቀው ሽር ሽር ይላል። ከአንድ ወገን የፈረሰ ጭቃ አፉን የሞላው ወይፈን ዓይኑን ጨፍኖ ያላምጣል። ከቀዳዳው አጠገብ ያለችው ደግሞ አንገቷን እየገፋች ማገሩን ቋ አደረገችው። ሌላ ማገር ተሰበረ።

ፈንታነሽ ቀና ብላ ጣራውን አየች። በጨው ክምር ትክክል ሣሩ ሳስቷል፤ ከዚያ እስከ መሬቱ በግድግዳው ላይ የውሃ መውረጃ እንደ ጅማት ተሥሏል። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባት። ጣራው አፍስሷል። ውሃው ከኋላ ያለውን ጨው አሟሟው፣ ግድግዳው የጨው ውሃ ጠጣ፣ ከብቱም ከውጭ ጨው ሸተተውና ግድግዳውን በላው። ከዚያ ወዲያ ምላሱን እያስገባ የቀረውን ጨረሰው። በመንደሩ ሌባ አልነበረም። ሐምዛ ሽመናው የፈረሰበት በከንቱ ነው።

ደስ ሊላት ሲገባ ሌላው ነገር ታሰባት። ሌባ ከሌለ ከፋዩ ያው መልካሙ ነው። ለዚያውም ሚስቱ የተነገራትን ባለመስማቷ። በሬው ይሄዳል፣ እርሻው ጦም ያድራል፣ «አደራ ያስበላ ቤት» የሚል ስም ለልጅ ልጅ ይተርፋል። እጇ ላይ ያለውን ጭቃ አየችው። ላሞቹን አባርሮ ቀዳዳውን መድፈን ብቻ ነው። ነገ ሌላ ዝናብ ይመጣል፣ ጨውን ከግድግዳው አጥቦ ይወስደዋል፤ ከእግዚአብሔርና ከከብቱ በቀር የሚያውቅ አይኖርም።

ጭቃውን ወደ ቀዳዳው አስጠጋችው። የሰዓዲያ ነጠላ በመንገዱ ላይ ሲጎተት ታያት። ጭቃውን ከላሟ እግር ሥር ወረወረችውና እጇን እንኳ ሳትታጠብ ቁልቁል ሮጠች።

በረቱ ስትደርስ ቁራኛው እየታሰረ ነበር። የሐምዛን ኩታ ከአያ ከማል ጋቢ ጋር ቋጥረው ያጠብቁታል። ጋቢውን የሸመነው ሐምዛ ራሱ ነበር። ሁለቱም እርስ በርስ አይተያዩም። ፈንታነሽ የእሾሁን በር ገፍታ ገባች።

ጭቃ ሹም ባዩ ረዥም ዘንጋቸውን አነሡ። «ምን ሆነሻል አንቺ? ይኸ የወንድ ሸንጎ ነው!»

«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሰውም ሳቀ።

«ይለቅ እንግዲያ! በወንድ ይለቅ! ግን መጥታችሁ እዩ» አለች ፈንታነሽ። ትንፋሿ እየተቆራረጠ ወደ ጭቃ ሹሙ ሳይሆን ወደ አያ ከማል ዞረች። «አያ ከማል፣ ጨው ከቆጡ እንዳይወርድ ብለውኝ ነበር። አውርጄዋለሁ። ዘሩ ሊበሰብስብኝ ሆነና እሱን ወደ ላይ፣ ጨውን ወደ ታች አደረግሁት። ለባሌም አልነገርሁት። ጣራው አፍስሶ ጨው ግድግዳው ውስጥ ገብቷል። ግድግዳውን የበላው ከብት ነው። ሐምዛ አንዲት ነገር አልነካም።»

 መልካሙ ከተቀመጠበት ድንጋይ ተነሣ።

«ላም ግድግዳ ሰርስራ ሰረቀች ነው የምትዪኝ?» አሉ ባዩ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየጎተቱ። አሁን ሳቁ ከቀድሞው በረታ። ፈንታነሽ ፊቷ ተቃጠለ፤ እንባዋ መጣ። እንባዋን ስትጠርግ በእጇ የቀረው ጭቃ ጉንጯን አለበሰው።

አያ ከማል ግን አልሳቁም። «ልጄ፣ ግድግዳው የተቦረቦረ ከውስጥ ነው ከውጭ?» ብለው ጠየቁ።

«ከውጭ ነው፣ አያ ከማል። ልሰውት ነው።»

«በል ተነሣ፣ ሐምዛ» አሉና ተራመዱ። ሐምዛም የተቋጠረ ነውና ተከተላቸው። ቁራኛዎቹ ከሄዱ ሸንጎው ምን ቀረው? ጭቃ ሹም፣ ሽማግሌ፣ ከሳሽ፣ ወፍ ነኝ ባይ ሁሉ ተያይዞ ዳገቱን ወጣ።

ከብቱ እንዳለ ነበር። ያች ከቀዳዳው አጠገብ የነበረች ላም አሁን ራሷን እስከ ቀንዷ አሾልካ አስገብታ መውጣት አቅቷት፣ የኋላ እግሯን እየሰበቀች ትታገላለች። መልካሙና ሐምዛ አንገቷን ይዘው ሳቧት። ራሷ ሲወጣ ግንባሯ ልስን ለብሶ፣ ሁለት ጆሮዎቿ ገለባ አንጠልጥለው፣ ከአፏ የሰሌን ቁራጭ ተንጠልጥሎ ወጣ።

«ዳሜ!» አሉ ጭቃ ሹም ባዩ።

የራሳቸው ላም ነበረች።  ከዚያ ያ ሁለት ቀን ሙሉ በበረት የታጎረ ሕዝብ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ጌታዬ፣ ሌባዋ ተይዛለች፤ ከማን ጋር በቁራኛ እንሰራት?» አለ ያ ቅድም የተረተው ሰው። ባዩ ሊቆጡ ዘንጋቸውን አንሥተው ነበር፤ ላማቸው በዚያው ቅጽበት ዘንጉን ትልስ ጀመር። አልቻሉም፤ እሳቸውም ሳቁ።

አያ ከማል ከግድግዳው ጭቃ ቆንጥረው በምላሳቸው ጫፍ ቀመሱ። «ጨዌ ነው። አልሐምዱ ሊላህ፣ ሌባ የለም» አሉ። ከጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሮውን በገዛ እጃቸው ፈቱ። ሐምዛ ግን እንደ ታሰረ ሰው ቆሞ ቀረ።

«ሐምዛ፣ በደልንህ፤ ይቅር በለን» አሉት ባዩ በሕዝቡ ፊት።

«ይቅር ብያለሁ» አለ ሐምዛ። «ወፏን ብቻ አሳዩኝ። አንዲት ነጠላ እሸምንላታለሁ፤ አፏን የምትሸፍንበት።» ከሕዝቡ መካከል አንድ ሁለት ሰው መሬት መሬቱን አየ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የፈረሰውን ሽመና መልሰው ከተከሉት መካከል እነሱም ነበሩበት፤ ያለወትሯቸው እየተጉ።

የቀረው የአደራው ነገር ነው። መልካሙ ወደፊት ወጣ። «አያ ከማል፣ ቤቴ በልቶታል፣ ቤቴ ይከፍላል። ከበሬዎቹ የወደዱትን ይምረጡ» አለ። ሚስቱን አላያትም፤ ግን ስሟንም አላነሣም። ፈንታነሽ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

አያ ከማል በሬዎቹን አዩ። ከዚያ ባሻገር ያለውን ለምለም፣ ገና ያልተነካ መሬት አዩ። «በሰኔ በሬ የወሰደ ሰው ለመስከረም ምን እበላለሁ ብሎ ነው? የናንተ ገብስ ካልበቀለ የኔን ጨው ማን ይገዛል?» አሉ። ወደተሰበሰቡት ሴቶችም ዞሩ። «እናንተ እቴቶች፣ ሰሞኑን ወተቱ እንዴት ነው?»

ሴቶቹ ተያዩ። «ኧረ ጉድ ነው! ዘንድሮስ ላሞቻችንን ውሃውም አልበቃቸው፣ ወተቱም ጥጃውን ተርፎታል» አለች አንዷ።

«ጨው የላሰች ላም ውሃ ትወዳለች፤ ውሃ የጠጣች ላም ወተት አትነፍግም» አሉ አያ ከማል። «እንግዲያው ከወተታችሁ ውስጥ የኔ ጨው አለበት። ጭቃ ሹም፣ ፍርዱ ይኸ ይሁን፦ ጨዌን የላሰች ላም ያለቻት ሁሉ ከመስከረም ጀምራ ከቅቤዋ ታካፍለኝ። ደብረ ታቦር ገበያ የገሳይ ቅቤ ቢወርድ ጠልቶ የሚመልሰው የለም። ካሣዬ ሲያልቅ ደግሞ ቅቤያችሁን በጨው እገዛለሁ። እንዲህ ሲሆን እኔም አተርፋለሁ፣ እናንተም ታተርፋላችሁ።»

«የኔ ዳሜ አስቀድማ ታካፍል» አሉ ባዩ። «አውጫጭኙ ተፈቷል። ሂዱ፣ ዘራችሁን አውርዱ!» ይህን ብለው ሳይጨርሱ ግቢው ባዶ ሆነ። ወዲያው ከዳገቱ እርሻ ላይ የጅራፍ ድምፅ ተሰማ።

አያ ከማል የተረፈውን ጨው ጭነው ሲነሡ ፈንታነሽ እስከ አጥሩ ሸኘቻቸው። ዓይኗ ኮረጇቸው ላይ ነው። የዋንጫው ቅርጽ በቆዳው ላይ ያብጣል። ይመልሱልኝ ማለት ፈለገች፤ በየትኛው አፏ ትበለው? «አያ ከማል፣ ቆጡን ያዩት ገና ሲገቡ ነው። ለምን ዝም አሉ?» አለች በመጨረሻ።

«ጨው እንደሌለ አየሁ» አሉ አህያቸውን እያስተካከሉ። «ዘር እንዳለም አየሁ። በባልሽ ፊት የትኛውን ልናገር?» ይህን ብለው ሄዱ። ዋንጫውም አብሮ ሄደ።

ማታ እራት ላይ መልካሙ «ለምን አልነገርሽኝም? እኔን ፈርተሽ ነው?» አላት።

«ኧረ አንቱን አይደለም። ለበሬዎቹ ነው የፈራሁ።»

መልካሙ ሊቆጣ አስቦ ነበር መሰል፤ ሳቁ ቀደመው። «በይ እንግዲህ፣ ነገ ግድግዳውን ከሥሩ በድንጋይ እንሠራዋለን። ከዚህ ወዲያ ከብት እንዳይበላን» አለ። ነገሩ በመካከላቸው ዳግመኛ አልተነሣም።

ግድግዳውን ሲለስኑ ሰዓዲያ ጭቃ አቀባይ ሆና ዋለች። ገብሱ በጊዜው ተዘራ፣ በጊዜው በቀለ። መስከረም ሲጠባ አያ ከማል ሰው ልከው የመጀመሪያውን ቅቤ በቅል በቅል አስወሰዱ፤ ከሁሉ የከበደው የዳሜ ቅል ነበር። እሳቸው ራሳቸው ግን አልመጡም። ላስታ ወርደዋል ተባለ። ፈንታነሽ ቤት ስትጠርግ ምሰሶው ጋ ስትደርስ ባዶውን እንጨት በጨርቅ ታብሰዋለች። መልካሙ ሌላ ነገር ልስቀልበት ቢላት እንቢ አለች። ነጋዴ ብዙ መንገድ ያውቃል፤ ሌላ የታመነ ቤት አያጣም። ይህን ታውቃለች። ቢሆንም ቆጡን ከጥቅምት ጀምራ ባዶ አደረገችው።

ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ ገብሱ ታጭዶ ክምር ላይ ሳለ፣ ከምንጩ ስትመለስ ኮቴ ሰማች። ቆመች። ድምፁ ይሰምጣል። የተጫኑ ናቸው። ከዳገቱ ራስ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በመንደሩ በታች አልፎ ወደ ገሳይ ይወርዳል፣ ሌላው ወደ እሷ አጥር ይመጣል። እንስራዋን እንዳዘለች ጠበቀች። ውሃው በጀርባዋ ቀዝቅዞ ይንጠባጠባል። ኮቴው መለያያው ላይ ሲደርስ ዝግ አለ። አንድ አህያ አናፋ። ከዚያ ነጭ ግንባር ያላት የመጀመሪያዋ አህያ በእሷ አጥር በኩል ብቅ አለች።

አያ ከማል ገብተው ከልማድ መቀመጫቸው ተቀመጡ። ከሰላምታው በኋላ እጃቸውን ወደ ኮረጇቸው ከተው ዋንጫውን አወጡና ዘረጉላት። «ወተት አይጠፋም መቼም፤ ጨዌ ያፈራው» አሉ።

ሞልታ ሰጠቻቸው። መልካሙ ከደጅ ጭነቱን እያወረደ «የት ይሁን ጨው?» ብሎ ጮኸ።

አያ ከማል ከንፈራቸውን ጠረጉ። «እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? የአደራውን ቦታ የምታውቀው እሷ ናት» አሉ።

«ከምድጃው በላይ፣ ቆጡ ላይ» አለች ፈንታነሽ። ድምፁ ከአፏ ሲወጣ ከጠበቀችው በላይ ጎላ አለ፤ በደጅ ያሉት ሁሉ ሰሙት።

አያ ከማል ጠጥተው ሲጨርሱ ዋንጫውን ወደ ኮረጇቸው አልመለሱትም። ለሷ ሰጧት። እሷም ለብቻው አጠበችውና ምሰሶው ላይ ሰቀለችው።